የጋሼ ታደለ በረዶና የጉለሌው ድንኳን

ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስዊድንን በጠመኔ ስሥል ነው ያረጀሁት። የጂኦግራፊ መምህርት ነበርኩ። ሐይቆቿን፣ ደኖቿንና የብረት ማዕድኗን ስንቱን ልጅ አስሸምድጃለሁ። ሰው ከሞተ በኋላ ሳይቀበር ቀዝቅዞ ለመቆየት ገንዘብ የሚያሰባስብባት አገር መሆኗን ግን መጽሐፉ አልነገረንም። ይህን ያወቅኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ የእኛው ሚሊኒየም ሊከበር ወራት ሲቀሩት፣ ስቶክሆልም የሚኖሩት ወንድሜ ጋሼ ታደለ የአውሮፕላን ቲኬት የላኩልኝ ጊዜ ነው። እግራችሁ ወደዚያ ለማያደርሳችሁ ሁሉ ያየሁትን እንደ አመጣጡ እነግራችኋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሼ በደርግ ጊዜ ከአገር የወጡ ናቸው። ስዊድን ገብተው የሱፐርማርኬት ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ሆኑ፤ ጡረታም የወጡት በዚያው ሥራ ነው። ከወጡ ወዲህ አንድም ቀን አገራቸውን አልረገጡም። «ለከርሞ እመጣለሁ» ሲሉ ሲሉ ፀጉራቸው አለቀ። አሁን ደግሞ አሜሪካ ውስጥ አንድ ድርጅት አግኝተዋል። ድርጅቱ ሰው ሲሞት ይረከብና እጅግ በቀዘቀዘ ፈሳሽ በተሞላ ትልቅ በርሜል ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ሕክምና ሙት ማስነሣት የቻለ ዕለት አውጥቶ ያስነሣዋል። ብዙዎቹ ደንበኞች ክፍያውን በሕይወት ኢንሹራንስ ይሸፍኑታል አሉ። ጋሼን ግን ኢንሹራንሶቹ ዕድሜያቸውን አይተው እምቢ አሏቸው። ይኼኔ ጉለሌ ያለው የአባታችን ቤት ትዝ አላቸው።

ቤቱ የሦስታችን ውርስ ነው፤ የጋሼ፣ የእኔና የታላቃችን የእቴቴ። የሚኖሩበት ግን እቴቴ ብቻ ናቸው። እናታችን ስትሞት እኔንና ጋሼን ያሳደጉን፣ በእኛ ምክንያት ሳያገቡ የቀሩ፣ ከዚያ ግቢ ወጥተው ሌላ ቤት አድረው የማያውቁ ሴት ናቸው። ጋሼ በስልክ «ቤቱ ይሸጥና ድርሻዬን ስጡኝ፤ ካልተስማማችሁ ፍርድ ቤት ያካፍለናል» አሉ። ቲኬቱን የላኩት እኔን አስረድተው ሊያስፈርሙኝ፣ በእኔ በኩል ደግሞ እቴቴን ሊያግባቡ ነበር። እቴቴ ሲሸኙኝ «ሄደሽ ልቡን መልሺልኝ። እኔን ከቤቴ አውጥቶ እሱ በርሜል ውስጥ ምን ያደርጋል?» አሉኝ።

ረቡዕ። ከቦሌ ተነሥቼ ፍራንክፈርት ላይ አውሮፕላን ቀየርኩ። እኔ ቀየርኩ እንጂ ሻንጣዬ አልቀየረም። ስቶክሆልም ስደርስ ሽሮው፣ በርበሬው፣ ለብርድ ብዬ የሰበሰብኩት ልብስ ሁሉ እዚያው ቀርቷል። የአየር ማረፊያው ሠራተኛ ፈገግ ብላ «ይመጣል» አለችኝ። ቦሌ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ አብሮኝ የሚናደድ ሰው አላጣም ነበር።

ጋሼና ልጃቸው ሣራ በመኪና ተቀበሉኝ። ጋሼ እንባቸው እየወረደ አቀፉኝ፤ ወዲያው ደግሞ ሻንጣዬን እንዳጣሁ ሲሰሙ «ድርቆሽም ነበረበት?» ብለው ጠየቁኝ። ሣራ እዚያው የተወለደች፣ አማርኛ የምትሰማ፣ የምትመልሰው ግን በስዊድንኛ የሆነች ጨዋ ልጅ ናት። «እንዴት ነሽ የኔ ልጅ?» ስላት ረጅም ነገር ታወራልኛለች፤ ጋሼ «ደህና ነኝ ነው የምትለው» ይሉኛል። እንደሳቸው ያለ ቁጥብ አስተርጓሚ አላየሁም።

የሚኖሩት ስፖንጋ የሚባል ሠፈር ውስጥ፣ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። መንገዱ በሙሉ በረዶ ነበር። እኛ ሠፈር ዝናብ ሲያባራ ሰው ይወጣል፣ ይጯጯኻል፤ እዚያ በረዶው ቢያባራም የሚወጣ የለም። የጋሼ ሚስት ዘነቡ ሞቅ ያለ ምስር ወጥ አቀረበችልኝ፤ ዐቢይ ጾም ገብቷል። እንጀራውን ያወጣችው ከቁም ማቀዝቀዣ ነው። በወር አንድ ጊዜ ጋግራ፣ አጥፋ፣ በላስቲክ ጠቅልላ ትደረድረዋለች። ሲቀልጥ በታጠፈበት በኩል ተሰነጠቀ። ዘነቡ ስንጥቁን በጣቷ እያሳየችኝ «ይኸውልሽ ውቤ፣ ወር ያልሞላው እንጀራ እንዲህ ይሆናል። ጋሼሽ ሁለት መቶ ዓመት ቆይተው ሊነሡ ነው» አለችኝ። ጋሼ ሳይሰሙ የቀሩ መስለው ወጡን ጠረጉ።

የምቀይረው ስላልነበረኝ ዘነቡ የራሷን ቀሚስ አዋሰችኝ። በልኬ የተገኘው አንዱ ብቻ ነበር፤ እሱም ጥቁር ነው። ይህን ቀሚስ አደራ እንዳትረሱት።

ሐሙስ። ከቁርስ በኋላ ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አስረዱኝ። ሰውየው በርሜሉ ውስጥ የሚቀመጠው ተዘቅዝቆ ነው፤ ፈሳሹ ቢጎድል እግር ይበላሻል እንጂ ጭንቅላት እንዳይነካ። ሙሉ ሰውነት ውድ ነው። ጭንቅላት ብቻ ከሆነ ዋጋው በጣም ይወርዳል።

«ታዲያ ጭንቅላቱን ብቻ ለምን አያደርጉትም?» አልኳቸው፤ ቤቱን ከሽያጭ ማዳኔ ነው።

ዘነቡ ከወጥ ቤት ሆና «እኔም ያልኩት ይኼንኑ ነው» አለች። «ያስቸገረኝ ጭንቅላቱ ነው። እሱን ይውሰዱና ቀሪውን ይተዉልኝ።»

ጋሼ ተቆጡ። ሲነሡ በእግራቸው መሄድ ይፈልጋሉ። እኔም ነገሩን አልለቀቅኩም፤ «ጋሼ፣ እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ እንጀራ የበሉት ማቀዝቀዣ ስለሚበላሽ ነው። አሁን የማይበላሽ ማቀዝቀዣ ከየት አመጡ?» አልኳቸው። «የአሜሪካ ነው» አሉኝ። ዘመን ከሆነ የፈለጉት አገራቸው ቢገቡ ሰባት ዓመት በነፃ እንደሚያገኙ ነገርኳቸው፤ እኛ ገና ሁለት ሺህን አልነካንም። አልሳቁም። የመሸጫ ስምምነቱን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አድርገው ብዕር አስቀመጡበት። እኔ ሻይዬን አስቀመጥኩበት።

ዓርብ። ከተማውን ሊያሳዩኝ ይዘውኝ ወጡ። ደጁ ላይ ገና ሁለት እርምጃ ሳልሄድ በጀርባዬ ተዘረርኩ። የታችኛው ቤት ነዋሪ፣ ኢንግሪድ የሚሏቸው አሮጊት፣ በመስኮት አይተው ወጡና ደግፈው አነሡኝ፤ የራሳቸውንም ቦት ጫማ አጠለቁልኝ። አንድ ቃል አልተግባባንም። ጋሼ «እዚህ ሕንፃ ስንኖር ዛሬ ነው በራቸው ሲከፈት ያየሁት» አሉ። ጋሼን እዚያ ደጅ ወድቀው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ አያውቁም፤ አለመውደቃቸው ነው ጥፋቱ።

ባቡሩ፣ እነሱ ፐንደልቶግ የሚሉት፣ በሰዓቱ መጣ። ውስጡ ሰው ሞልቶ ድምፅ የለም። የእኛ ታክሲ ውስጥ እስከ ጊዮርጊስ ድረስ የስንቱን ቤት ጉድ ሰምቼ እወርድ ነበር። መሀል ከተማ ስንደርስ ውሃው በረዶ ሆኖ ሰዎች ይሄዱበታል። ቤተ መንግሥቱን አየሁት፤ ትልቅ ነው። ጾም መሆኑን ለምሳ ቤቱ አስተናጋጅ ማስረዳት ከባድ ሆኖ ድንችና ዳቦ በላሁ።

እዚያ ምሳ ላይ ነው ጋሼ እውነቱን የነገሩኝ። ፊት ለፊታቸው ይኖር የነበረ ስዊድናዊ ጎረቤታቸው ሞቶ ነበር። እዚያ አገር ሰው በሞተ ማግስት አይቀበርም፤ ዘመድ ሥራውን አመቻችቶ እስኪሰበሰብ ሳምንታት በማቀዝቀዣ ይቆያል። ጋሼ ለቀብሩ ሄዱ።

«አንድ መደዳ ወንበር እንኳን አልሞላም ውቤ» አሉኝ። «ያለቀሰ የለም። ቡናና ኬክ በልተን ተለያየን። ቤቴ ገብቼ አሰብኩት። ልጄ ጮኻ ማልቀስ አታውቅም። እናንተ ሩቅ ናችሁ። እኔን ማን ያለቅስልኛል? የማያለቅስልኝ አፈር ከሚያለብሰኝ፣ ቢያንስ ልቆይ አልኩ።»

ሳላስበው እጃቸውን ያዝኩ። አዘንኩላቸው፤ ከልቤ አዘንኩላቸው። ግን ደግሞ የሚያለቅስልኝ የለም ብለው የሚያለቅሱላቸውን ሴት ቤት መሸጣቸው አናደደኝ፤ ይህንንም ነገርኳቸው። እስከ ስፖንጋ ድረስ እኛም እንደ ስዊድኖቹ ዝም ብለን ተመለስን።

ቅዳሜ። ልምምድ ነበረን። ድርጅቱ ሰውየው እንደሞተ ቤተሰቡ ቶሎ በበረዶ እንዲያቀዘቅዘው፣ ቶሎም ስልክ እንዲደውል ያዝዛል፤ ዋይታው ከዚያ በኋላ ነው። ጋሼ ሳሎን ምንጣፍ ላይ በጀርባቸው ተጋደሙ። ሣራ ወጥ ቤት ገብታ አሜሪካ የምትደውል ሆና ትለማመዳለች። የውጭው በር ለአምቡላንስ ተብሎ ተከፍቷል። በረዶ ግን ቤት ውስጥ የለም፤ ማቀዝቀዣውን እንጀራው ሞልቶታል። ስለዚህ ዘነቡ የቀዘቀዘውን እንጀራ ከነላስቲኩ አመጣችውና በራሳቸው ግራና ቀኝ ደረደርነው። አልቆም ሲል በነጠላዬ ከአገጫቸው ሥር እስከ አናታቸው ጠምጥሜ አሠርኩት። «አጥብቂው» አሉኝ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ። ብርዱን ያልቻሉት እሳቸው ነበሩ፤ ተነሥተው ሙቅ ሻይ ጠየቁ። እንጀራውም ወደ ቦታው ተመለሰ።

በዚያች መሀል የሆነውን ያወቅነው በማግስቱ ነው። አቶ በቀለ ስቶክሆልም ያለው የኢትዮጵያውያን እድር ሰብሳቢ፣ የጋሼም የልጅነት ጓደኛ ናቸው። ቮርቢ ጎርድ ከሚባል ሠፈር ሁለት ባቡር ይዘው ለእኔ እንኳን ደህና መጣሽ ሊሉ መጥተዋል። በሩ ክፍት ነው። ቢመለከቱ ታደለ ተጋድሟል፣ አገጩ በነጠላ ታስሯል፤ ከአዲስ አበባ የመጣች እህቱ ጥቁር ለብሳ ራስጌው ተንበርክካለች። ለካ ተጠርታ የመጣችው ለዚህ ነው አሉ። ገብተው አልጮኹም። እድር ለረጅም ዘመን የመሩ ሰው ናቸው፤ ሬሳ እየተገነዘ ሳለ አይገባም፣ ለቅሶውም የሚጀመረው ሰው ሲሰበሰብ ነው። አፋቸውን በመሐረብ ይዘው በቀስታ ወረዱ። ከዚያ ደወሉ፣ ደወሉ። ወደ ሐዘንተኛ ቤት ደውሎ «እውነት ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ደግሞ በእኛ ዘንድ አልተፈጠረም። ስለዚህ ከተማው ሁሉ ሲሰማ እኛ ብቻ አልሰማንም።

እሑድ። ጠዋት በሩ ተደወለ። ዘነቡ ስትከፍት ደረጃው ከላይ እስከ ታች ጥቁር በለበሰ ሰው ተሞልቷል። የመጀመሪያዋ ሴት «ዘነቡዬን! እኔን!» ብላ አንገቷ ላይ ወደቀች። ዘነቡ ጎህ ሲቀድ ጥቁር የለበሰ ሰው መጥቶባት ምን ታስብ? አዲስ አበባ ያሉት እናቷ የሞቱ መሰላትና ጩኸቷን ለቀቀችው። እኔም ወጣሁና አየሁ። መርዶው የእኔ ነው፣ እቴቴ ናቸው ብዬ «እቴቴን!» እያልኩ ደረቴን መታሁ። ማን እንደሞተ የጠየቀ አንድ ሰው የለም። ሁላችንም የየራሳችንን እናለቅሳለን።

ጋሼ መታጠቢያ ቤት ፂማቸውን እየተላጩ ነበር። በሩን በርግደው በውስጥ ሱሪ፣ ግማሽ ፊታቸው አረፋ እንደሆነ ወጡ። «እቴቴ! ወይኔ እቴቴን! እናቴን!» ብለው መሬት ላይ ተደፉ። እንዲያ ሲያለቅሱ ዕድሜዬን አይቻቸው አላውቅም። «ሳላይሽ! ሳልመጣልሽ!» ይሉ ነበር፤ አንቱታው ሁሉ ጠፍቶ።

ሟቹ ምንጣፍ ላይ እያለቀሱ ናቸው። አንዷ ሴት አማተበች፣ አንዱ ሰውዬ ሶፋው ላይ ቁጭ አለ። አቶ በቀለ ወደፊት መጥተው ጎንበስ አሉና በጣታቸው ትከሻቸውን ነኩ።

«ታደለ፣ አንተ ነህ?»

«እቴቴ መቼ ሞተች በቀለ? ለምን ቀደም ብለህ አልነገርከኝም?»

«እቴቴ ደህና ናት። የሞትከው አንተ ነህ» አሉ አቶ በቀለ። ወዲያው ፊታቸው ጠቆረ። «ለወንድሜ ደውዬለታለሁ። የጉለሌው እድር ጸሐፊ እሱ አይደል? ዛሬ ማለዳ ሽማግሌዎቹን ይዞ አርድቷታል።»

ጋሼ አረፋቸውን ሳይጠርጉ ስልኩ ላይ ወደቁ። ቁጥሩን የመታሁት እኔ ነኝ፤ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁ ተከፈተ። ከወዲያ የጉለሌ ለቅሶ ቤታችንን ሞላው። ከብዙ ጥሪ በኋላ እቴቴ መጡ፤ ድምፃቸው ሰልሏል።

«እቴቴ፣ እኔ ነኝ። ታደለ ነኝ።»

«የትኛው ታደለ?»

«ወንድምዎ ነኛ!»

«ወንድሜማ ሞቷል። ጠዋት ነገሩኝ።»

«አልሞትኩም። በስህተት ነው እቴቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«በስልክ ሞተ አላችሁኝ። አሁን በስልክ ተነሣ ትሉኛላችሁ። የሰው ድምፅ ማስመሰል ይቻላል። በዓይኔ ሳላይ ጥቁሬን አላወልቅም።»

ጋሼ እያለቀሱ ሳቁ። ከዚያ፣ ሰው ናቸውና፣ ሳይጠይቁ ማለፍ አልቻሉም። «ሰው መጣ?»

«ሞልቷል። ድንኳኑ ከበረንዳው እስከ አጥሩ ተተክሎ አልበቃ ብሏል። ያልመጣ የለም» አሉ እቴቴ። ቀጥለውም «እውነት ታደለ ከሆንክ አንድ ነገር ንገረኝ። ቤቱን ስትሸጠው የሚቀጥለውን ድንኳንህን የት ላስተክልልህ?» አሉ።

ጋሼ ስልኩ እስኪዘጋ ድረስ ጆሯቸው ላይ ይዘውት ቆሙ።

ለቀስተኛው ምግብ ይዞ መጥቷል፤ ለለቅሶ የመጣ ምግብ ደግሞ ተመልሶ አይሄድም። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ ቀረበና ተበላ። ነገሩ ሁሉ ሲነገራቸው አቶ በቀለ ጉርሻቸውን ይዘው አሰቡበት። «ያልተቀበረ ሰው በእድራችን ደንብ አልሞተም» አሉ። «አልሞተም ማለት በየወሩ መዋጮ ይከፍላል፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ ካልደረሰ ይቀጣል። ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ ቅጣትህን ማን ይከፍልልሃል?» ጋሼ ስለዚህ አልተጨነቁም፤ ያሳሰባቸው ሌላ ነው። «ቀብሬ ላይ ምን ብለህ ልትናገርልኝ ነበር?» አሏቸው። «ደግ ሰው ነበር ልል ነበር።» «ሌላስ?» «ሌላውን ስትሞት ትሰማዋለህ።»

ኢንግሪድም ጩኸቱን ሰምተው ሻማና ኬክ ይዘው መጡ። ጋሼን በሕይወት ሲያዩ ኬኩን ሊጥሉት ነበር። አጠገባችን ተቀምጠው ሲያለቅሱ ለሣራ አንድ ነገር አሏት። ሣራ ወደ እኔ ዞረችና፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለገች፣ በአማርኛ «አባትሽ ይኼ ሁሉ ሰው እንዳለው አላውቅም ነበር አሉ» አለችኝ። ጋሼ ሰምተዋል። ተነሥተው ወደ መታጠቢያ ቤት ገቡና ቀሪውን ግማሽ ፂማቸውን ተላጩ።

ሰኞ። ሻንጣዬ መጣ። ዘነቡ ድርቆሹን አየችና ማቀዝቀዣው ውስጥ ቦታ ፈለገችለት። ማቀዝቀዝ እንደማያስፈልገው እያወቀች ነው፤ ልማድ ሆኖባት ነው። የስምምነቱ ወረቀት ከጠረጴዛው ላይ ጠፍቷል። ማንም የት ገባ አላለም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ረቡዕ። ጋሼ አየር ማረፊያ ድረስ ሸኙኝ። ለኢንግሪድ ቦት ጫማቸውን መልሼላቸው ነበርና በሸበጥ ጫማዬ በረዶው ላይ ስሄድ ክንዴን አጥብቀው ያዙ። «ለእቴቴ ደህና ነው በያቸው» አሉኝ። «እኔ ምንም አልልም» አልኳቸው፤ «አላመንኩሽም ነው የሚሉኝ።» ቅር አላቸው። አቅፈውኝ ሲለቁኝ ለከርሞ እመጣለሁ ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ፤ አላሉም።

ጉለሌ ስገባ ድንኳኑ ተነቅሏል፤ ችካሎቹ ያረፉበት ቦታ ግቢው ውስጥ ይታያል። እቴቴ ጥቁራቸውን እንደለበሱ ናቸው። ጋሼን በዓይኔ እንዳየሁ፣ እንደበሉ፣ እንደጠጡ ማልኩላቸው። «አንቺ ስለ እሱ ድሮም ትዋሺኛለሽ» ብለው ቄሱን ለአርባው ሊያነጋግሩ ሄዱ። ጎረቤቱም ሁሉ የሚያውቀው ጋሼ ታደለ ሟች መሆናቸውን ነው፤ ማስተባበሉ ሰለቸኝ።

የፋሲካ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ሽንኩርት እየላጥኩ ሳለ የግቢው በር ተንኳኳ። እቴቴ ቀድመውኝ ሄዱና ከፈቱ። በስተጀርባቸው ሆኜ አየሁ፤ ጋሼ ናቸው። የክረምት ካፖርት ለብሰው፣ በእኛ ፀሐይ ላብ በላብ ሆነው፣ በሁለት እጃቸው ሁለት ሻንጣ ይዘው ቆመዋል። ጀርባቸውን ተከትሎ የሠፈሩ ልጅ ሁሉ ተሰብስቧል።

እቴቴ ከእግር እስከ ራስ አዩዋቸው። ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ነኩት፤ ሙቅ መሆኑን አረጋገጡ።

«ቆይ፣ ልብሴን ልቀይር» አሉና በሩን መልሰው ዘጉት።